ሰባተኛው ቀፎ

አብዲራህማን ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አበባው ገና ትናንት በፈነዳ የድሬዳዋ ዛፍ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት መትተውታል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ኢንስፔክተር ቱሪያ ተንበርክካ ቁስሉን ስትቆጥር አራት ደረሰች። አራተኛው የራስ ቅሉን ሰብሮ ገብቷል። ሰውየው ከወደቀ በኋላ የተሰነዘረ ነው።

ከዛፉ የረገፈው ቀይ አበባ የሟቹን ጀርባ ሸፍኖታል። እፍ አለችበት፤ ተነሥቶ በረረ። ሥሩ ያለው ደም ደርቋል። ከሸሚዙ ኮሌታ በታች ግን ሁለት ሐምራዊ አበቦች ከደሙ ጋር አብረው ደርቀው እንደ ማስቲሽ ተጣብቀዋል። ቀና ብላ ዛፉን አየች፤ ቀይ ነው። የወንዙን ዳር ወዲያና ወዲህ አየች፤ ሐምራዊ የሚያብብ አንድም ዛፍ የለም።

«ነገሩ ያለቀ ነው አቦ» አለ ሳጅን አብዲቃድር ከኋላዋ። «ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ጠብ ነው።»

«እኔ አላውቅም እንበል። ንገረኝ።»

ነገራት። ሟቹና ሙስአብ ንብ አናቢዎች ናቸው። በልግ በገባ ቁጥር ቀፎአቸውን እያስጫኑ በከተማዋ ዙሪያ አበባ ሲከተሉ ይከርማሉ፤ መጀመሪያ ጀልዴሳ ግራሩ፣ ቀጥሎ ሳቢያን ኒሙ፣ ከዚያ ከዚራ ጃካራንዳው፣ መጨረሻ የድሬዳዋ ዛፍ። ቀድሞ የደረሰ ቦታውን ይይዛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳቢያን ላይ በቦታ ተጣልተው በቡጢ ተጋጭተዋል። ይህን ዛፍ የያዘው ሙስአብ ነው፤ አሥራ አምስት አረንጓዴ ቀፎዎቹ ከሬሳው አሥር እርምጃ ርቀው ተደርድረዋል። ከእነሱ ፊት አንድ ነጭ ቀፎ ክዳኑ ጠሞ ቆሟል። ጎኑ ላይ «7» ተጽፎበታል። ነጭ ቀፎ የአብዲራህማን ነው፤ ሌሎቹ ቀፎዎቹ ከዚህ አምስት መቶ ሜትር ርቆ ከዚራ ባለ ግቢ ውስጥ ናቸው።

«ዛፉ መፈንዳቱን ሰማ፤ ቀፎ ይዞ ሰው ቦታ ሊገባ መጣ፤ ሙስአብ ደረሰበትና ጨረሰው። አጠገቡ የተገኘው፣ የተመታበት የቀፎ መክፈቻ ብረትም የሙስአብ ነው። እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር አለው።»

ሙስአብ ከፖሊስ ፒክአፕ ላይ ተጋድሟል። ፖሊስ እስኪደርስ ሰዉ አግኝቶታል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፣ ግራ ዓይኑ ተደፍኗል። ከፒክአፑ ወዲያ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ድንጋይ ጨብጠው ቆመዋል። ከፊታቸው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሲያድ በእጁ ፌሮ ይዟል።

«ኤዶ ቱሪያ!» ብሎ ጮኸ። «ጀናዛው ከዐስር ሶላት በኋላ ይወጣል። ወንድሜ አፈር እንደለበሰ፣ ዋላሂ፣ ጣቢያችሁን እላያችሁ ላይ አፈርሰዋለሁ! ይሄንን ውሻ አጠገቡ ነው የምቀብረው!»

«ወደ ሐረር እናሳልፈው» አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ።

«መንገድ ላይ ይጠብቁታል። በጣቢያው ስንት ሰው አለን?»

«ዘጠኝ።»

ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ለዐስር ስምንት ሰዓት ቀርቷል። እስከዚያ ገዳዩን ካላገኘች፣ ገዳይም ይሁን አይሁን ሙስአብ ሟች ነው።

ወደ ሰባት ቁጥር ቀፎ ሄዳ ቆመች።

«ትነደፊያለሽ!» አለ ሳጅኑ።

«እየቆጠርኩ ነው።»

ሃያ ደቂቃ ቆጠረች። ከአረንጓዴዎቹ ቀፎዎች የሚወጣውና የሚገባው ንብ እኩል ነው። ከሰባት ቁጥር ግን መቶ አሥር ወጡ፤ አራት ተመለሱ። ከሥሩ አሸዋውን በእግሯ ስትጭር በቀፎው አፍ ልክ የተቆረጠ የሽቦ ወንፊት አገኘች። በአራቱም ጥግ ምስማር አለው።

«አብዲቃድር፣ እነዚህ ንቦች ይወጣሉ እንጂ አይመለሱም። የት ነው የሚሄዱት?»

ሳጅኑ ራሱን አከከ።

ፒክአፑ ላይ ወጣችና ከሙስአብ አጠገብ ተቀመጠች።

«ብረቱ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። ሳቢያን ስንደባደብ ወደቀብኝ። ተመልሼ ብፈልግ አጣሁት።»

«እዚያ ማን ነበር?»

«እኔና እሱ። ሲያድ ነው ያገላገለን።» ደም ተፋ። «ጠልቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን አልገደልኩትም። ደግሞ የእሱ ቀፎ እዚህ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም።»

«ልጠይቅህ። ቀፎዬ ከዚራ ነው እንበል። ወደዚህ ዛፍ ላምጣው ብል ምን ላድርግ?»

በአንድ ዓይኑ እንደ ጅል አያት። «አታመጪውማ። መጀመሪያ ጀልዴሳ ትወስጂዋለሽ። ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። ከዚያ ታመጪዋለሽ።»

«አምስት መቶ ሜትር ለመሄድ?»

«አምስት መቶ ሜትር ስለሆነ ነዋ!»

ድንጋይ መጥቶ የፒክአፑን መስታወት አደቀቀው። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ፤ ቱሪያ ዘላ ወረደች።

ሲያድን ከሰማያዊ የጭነት አይሱዙው ጎን ቆሞ ላቡን ሲጠርግ አገኘችው። የመኪናው ወለል ታጥቧል፤ ውሃው እስካሁን ይንጠባጠባል።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ታይዋን ገበያ ዕቃ ሳወርድ ቆይቼ ቤቴ ገባሁ።»

«መኪናዋስ?»

«የትም ብሄድ ከእኔ ጋር ናት። ቁልፏ ከአንገቴ አይወርድም።»

«የወንድምህ ቀፎዎች ያሉበት ግቢ መቼ ሄድክ?»

«ያራገፍኩ ቀን። አሥር ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ያንን ግቢ አልረገጠችም።»

«አንድ ቀፎ ከዚያ ግቢ ወደዚህ ላምጣ ብል ምን ላድርግ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ምን ችግር አለው? ሲመሽ ንቡ ይገባል። አፉን በወንፊት ትመቺዋለሽ፣ በገመድ ትጠፍሪዋለሽ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከጀልዴሳ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ከዚራ የጫንኩት እኔ አይደለሁ?»

«መኪናዋን አጠብካት?»

«ወንድሜ ሞቶ ስለ መኪና እጥበት ትጠይቂኛለሽ?»

ቱሪያ የወለሉን ጣውላዎች እያየች ዞረች። ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ በጸጉር ማስያዣዋ ቆፍራ ያወጣችውን ነገር ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

ከዚራ ያለው ግቢ የሂሻም ነው፤ ለሠርግ ያከራየዋል። መሐሉ ላይ ያለው ጃካራንዳ ግቢውን ሙሉ ሐምራዊ አድርጎታል። ሂሻም ራሱን በፎጣ ጠቅልሎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጦ የፊቱን ግማሽ አክሏል።

«ጠዋት አትክልት ላጠጣ ብወጣ ነደፉኝ! ባለፈው እሑድ ደግሞ ሙሽራዋን አፍንጫዋ ላይ! ያንን ፎቶ አሁን ማን ይጠግነዋል?»

«አብዲራህማንን እገልሃለሁ ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ፤ ሰው ሰምቷል። እኔ ግን በሩቅ ነው የምሳደበው። ትናንት መግሪብ ግቢውን ለእሱ ትቼ መስጊድ ነበርኩ።»

«አንዱን ቀፎ ወደ ደቻቱ ላዛውር ብል ምን ላድርግ?»

«ክብሪት ላምጣልሽ!»

ቱሪያ ሳትፈልግ ሣቀች። «ዛፉ መቼ ነው ያበበው?»

«እሱስ ቢሆን! ለሠርጉ ይድረስልኝ ብዬ ስጸልይ፣ ሠርጉ ባለፈ ማግስት ፈነዳ። አምስት ቀኑ።»

ከዛፉ ሥር ነጫጮቹ ቀፎዎች በቁጥር ተደርድረዋል። ከስድስት ቁጥር ቀጥሎ ባዶ መቆሚያ አለ። ከመቆሚያው በላይ፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ፣ ንብ እንደ ጢስ ይዞራል። የሟቹ ልጅ ኢፍራህ ሥሩ ተቀምጣለች። ንቦቹ ሻሿ ላይ ያርፋሉ፤ አታባርራቸውም። አላለቀሰችም።

«ሰባት ቁጥር እዚህ ነበር» አለች። «ቤታቸውን እየፈለጉ ነው። ንብ የሚያውቀው ቀፎውን አይደለም፤ ቦታውን ነው። በአንድ ክንድ ብትገፊው ያገኙታል። ሩቅ ብትወስጂው አገሩን እንደ አዲስ ይማራሉ። ቅርብ ከወሰድሽው ግን መንገዱን ስለሚያውቁት ወደ ድሮው ቦታ ይመለሱና እንዲህ ሲዞሩ ያልቃሉ። አባቴ ‹ቀፎ ወይ በክንድ ወይ በአገር› ይል ነበር።»

«ቸኩሎ ቢወስደውስ?»

«አባቴ ቢቸኩል እኔን መንገድ ላይ ሊረሳኝ ይችላል። ንብ ግን አይገድልም።»

«መጨረሻ መቼ አወራሽው?»

«ትናንት ዐስር ላይ። ደስ ብሎት ነበር።» ከረድፉ ጫፍ ወዳለው ቁጥር የሌለው ቀፎ ጠቆመች። «መጠባበቂያ ነው፤ ባዶውን ከእኛ ጋር ይዞራል። የንብ መንጋ ራሱ መጥቶ ገባበት። ‹ልከፍተው ነው› አለኝ። ማታ ስደውል አላነሳም።»

ቱሪያ መሬቱን አየች። በግቢው ሁሉ አበባው ቁርጭምጭሚት ድረስ ተከምሯል። ከዚያ ቀፎ አጠገብ ግን ሁለት ሜትር ያህል ተጠርጎ፣ ከተጠረገ ወዲህ የረገፈ ስስ አበባ ብቻ ነው ያለበት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ሙስአብ በካቴና መጣ። ሲያድ ፌሮውን ሳይለቅ ገባ፤ አይሱዙው ውጭ ቆመ። ከብረት በሩ ወዲያ ያለው ሰው በሩን በድንጋይ ይደበድባል።

«በሩን ክፈተው» አለችው ሳጅኑን። «እነሱም ይስሙ።»

ሰዉ ገብቶ ንቡን ሲያይ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

«አብዲራህማን ደቻቱ ላይ አልሞተም» አለች ቱሪያ። «ቀዩ አበባ የረገፈበት ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ሐምራዊው ግን ከእርጥብ ደም ጋር ነው የደረቀው።» የተጠረገውን ቦታ በጫማዋ ገለጠችው። አፈሩ ጠቁሯል። «የሞተው እዚህ ነው። ገዳዩ ሬሳውንና ሰባት ቁጥርን ደቻቱ ወሰደ፤ ሟቹ ሰው ቦታ ሲገባ የተገደለ እንዲመስል። ለሦስታችሁም አንድ ጥያቄ ጠይቄአችሁ ነበር፤ ቀፎ ከዚህ ወደ ደቻቱ እንዴት ይሄዳል ብዬ። ሂሻም ክብሪት ላምጣ አለ።»

«አሁንም እላለሁ!»

«ሂሻም ቢሆን የቀፎውን አፍ በጨርቅ ይወትፈው ነበር። በልክ የተቆረጠ ወንፊት በአራት ምስማር አይመታም። ሙስአብ ደግሞ ሁሉንም ያውቃል። ቀፎውን አምስት መቶ ሜትር ወስዶ፣ ንቦቹ ጠዋት እዚህ መጥተው እንዲመሰክሩበት አያደርግም። ገዳዩ መጫን የሚያውቅ፣ ንብ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ሰባት ዓመት ጭኗል፤ ሁልጊዜ ሩቅ። ለምን ሩቅ እንደሆነ ግን ወንድሙን አንድ ቀን አልጠየቀም።»

ሁሉም ወደ ሲያድ ዞረ።

«ቅዠታም!» አለ። «መኪናዬ ይህን ግቢ ካየች አሥር ቀኗ ነው!»

ቱሪያ ፖስታውን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ሁለት የጠወለጉ ሐምራዊ አበቦችና አንድ የተጨፈለቀ ንብ። «ከመኪናህ ጣውላ መካከል ነው ያወጣሁት። ይህ ዛፍ ካበበ አምስት ቀኑ ነው።»

«ድሬ ሙሉ ጃካራንዳ ነው!»

«ደምስ? ወለሉን አጥበኸዋል። ስንጥቁ ውስጥ፣ አበባው ላይ የደረቀውን ግን ውሃ አላገኘውም። ሳቢያን ላይ የወደቀውንም ብረት ያነሣኸው አንተ ነህ፤ ለዚህ ቀን ይሆናል ብለህ ይሁን አይሁን አላውቅም።» ወደ ኢፍራህ ዞረች። «ክፈቺው።»

ኢፍራህ ቁጥር የሌለውን ቀፎ ጢስ አጢሳ ክዳኑን አነሣች። ንጹሕ አዲስ ሰም ተጋግሯል። ከሰሙ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለሉ የሞባይል ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«ኮንትሮባንድ ነው። ንብ የጫነ መኪና ኬላ ላይ ማን ይፈትሻል?» አለች ቱሪያ። «ይህኛውን ሳታራግፍ መንጋ ቀደመህ። አንተ መክፈት ፈራህ። ወንድምህ ከፈተው። አንተም ደረስክ።»

«ኢፍራህ» አለ ሲያድ በቀጭን ድምፅ፤ «አሳልፎ ሊሰጠኝ ነበር። ወንድሙን! ለምኜዋለሁ እኮ፣ እግሩን ይዤ...»

«አራት ጊዜ መታኸው፣ አደር» አለች ኢፍራህ አጎቷን።

ፌሮው ተነሣ። ሳጅን አብዲቃድር መሐል ሲገባ ክንዱ ላይ አረፈበት፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ሁለተኛው ለኢፍራህ ነበር። ጎንበስ አለች፤ ፌሮው ቀፎውን ለሁለት ከፈለው። መንጋው ተነሣ። ሲያድ ፊቱን ሸፍኖ እየጮኸ ወደቀ፤ እጁ፣ አንገቱ፣ አፉ ንብ ሆነ። ሰዉ እየተራገጠ ወደ በሩ ሸሸ። ቱሪያ ሽጉጧን መዛለች፤ የምትተኩስበት ግን የለም።

«ፍቺኝ!» አለ ሙስአብ። «ኢንስፔክተር፣ ፍቺኝ!»

ፈታችው። ማጨሻውን ከኢፍራህ እጅ ነጥቆ ጢሱን እየነፋ ገባ። ሲያድን በእግሩ እየጎተተ እስከ ቧንቧው አደረሰው።

«ተወው ይሙት አቦ!» አለ ሂሻም ከመስኮት ውስጥ።

«ንብ ከነደፈ ይሞታል» አለ ሙስአብ እያለከለከ። «ለእሱ ብሎ ስንት ንብ ይሙት?»

ሲያድን በፖሊስ ፒክአፕ ላይ ጣሉት። አሁን የተደፈኑት የእሱ ሁለት ዓይኖች ናቸው። ጠዋት ድንጋይ የጨበጡት ሰዎች መንገድ ለቀቁ፤ አንዳቸውም ሙስአብን ቀና ብለው አላዩም።

ከዚያ ሙስአብና ኢፍራህ ሰባት ቁጥርን ከደቻቱ በጋሪ አመጡት። ባዶው መቆሚያ ላይ አስቀምጠው ወንፊቱን ነቀሉ። ከጠዋት ጀምሮ አየሩ ላይ ሲዞር የዋለው ንብ ዝቅ አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንደ ውሃ ወደ ቀፎው አፍ ይፈስ ጀመር። ቱሪያ ሳታስበው መቁጠር ጀመረች።

የዐስር አዛን ተሰማ። ኢፍራህ እጇን በሻሿ ጠረገች።

«አደር ሙስአብ፣ ጀናዛውን በአራት ጥግ ነው የሚይዙት። አንዱ ጥግ ጎድሎብናል።»

ሙስአብ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ ከአፉ ደሙን ታጠበ። ሸሚዙን አስተካክሎ ከፊቷ ሄደ።

ቱሪያ መቶ አሥር ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ተወችው።