ሠላሳ ዘጠኝን ያልለቀቀው ሴንሰር

እኔ መቼም እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ወረታ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ «ዓይን በላት» ተብላ የመጣችልኝን መኪና ሁሉ ፊውዝ ቀይሬ ነው የሸኘሁ፣ ስለዚህ ይኼን ስነግራችሁ በራሴም እያፈርኩ ነው። ደግሞ እየበላችሁ ከሆነ ጨርሳችሁ አንብቡት፣ እመኑኝ ለእናንተው ብዬ ነው።

መስከረም ነው፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ገና አልሸሸም። ረፋድ ላይ ታከለ የሚባል የሩዝ ገበሬ ያረጀች ፒክአፑ አስፋልት ዳር ፈልታ ቆማበት አስጎትቷት መጣ። ታላቅ ወንድሙ መርጌታ በእግር ቁስል ትኩሳት ይዟቸው ተኝተዋል፣ ቤታቸውን ውሃ ስለከበበው ከዚህች ፒክአፕ በቀር ጭቃውን አልፎ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው የለም።

«ወንድምዓለም፣ ዛሬ ካልተነሣች መርጌታ ያመልጡኛል» አለኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

የሞተሩን መረጃ የሚያነብልኝን ስካነሬን ሰካሁ። ሞተሩ እጅ አያስነካም፣ ስካነሩ ግን የውሃው ሙቀት 39 ዲግሪ ነው ይላል። ሴንሰሩ ይዋሻል፣ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ፋን አይነሣም፣ ስለዚህ ትፈላለች፣ ቀላል ነገር ነው ብዬ ደስ አለኝ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፣ ያው 39። ሽቦውን ነቀልኩት፣ ቁጥሩ መጥፋት ነበረበት፣ አልጠፋም። ከራዲያተሩ ውስጥ ደግሞ የተጠማ ሰው ምራቁን ሲውጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሁለቴ ሰማሁ፣ አየር ነው አልኩና ተውኩት።

ሴንሰሩን ስፈታው ግን ሽታው አፍንጫዬን ዘጋው። ጫፉ ላይ ቢጫ ልጋግ ተጠምጥሟል፣ ልጋጉ ላይ የፋሻ ክር ተጣብቋል፣ የሚሸተውም መግል ነው። በጣቴ ነክቼው ነበር። አዲስ ሴንሰር አሰርኩ፣ 39።

«አንተ፣ ምንድን ነው ያጠጣሃት?»

ታከለ አንገቱን ደፋ። መርጌታ ቁስላቸውን የሚታጠቡት ከወንዛዬ በመጣ ጠበል ነው፣ እጣቢው በእግር በሚረገጥ ቦታ ስለማይደፋ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ሊያፈሱት በጀሪካን ያጠራቅሙታል፣ ጀሪካኑ ከመኪናዋ ኋላ ተጭኖ ሲጠብቅ እሱ የዝናብ ውሃ መስሎት ለራዲያተሩ ጨመረው። «በኋላ ነው ያወቅሁ፣ መቼም ጠበል ነው፣ አይጎዳትም ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። የሳምንት እጣቢ! እግዜር ያሳያችሁ!

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ፣ የመርጌታ ሚስት ናቸው፣ ጩኸታቸው እኔ ድረስ ይሰማል፤ «ታከለ ድረስ! የጤና ሠራተኛዋ ለክታቸው አርባ ገባ አለች!» ስካነሬን አየሁ፣ 40። በስመ አብ አልኩ፣ ከዚያ በፊት ብዬም አላውቅም።

«በሰው መረገጫ እንዳትደፋው አደራ!» አለ ታከለ። እሺ እሺ አልኩ፣ ሳፋ ደቅኜ ራዲያተሩን ስከፍተው ለብ ያለው ውሃ ቅልጥሜ ላይ ተረጨ፣ ቁርሴን እዚያው አስመለስኩ። ከዚያ ማን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ሳፋውን ይዤ ከጋራዡ ጀርባ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ ሲሄድ የሚሻገረው ቦይ ውስጥ ደፋሁት። እግሬን በቤንዚን ሦስቴ አጠብኩ። ራዲያተሩንም በሳሙና አጥቤ ንጹሕ ውሃ ስሞላው ቁጥሩ 24 አለ፣ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ደንቡ ወጣ፣ ፋኑም ተነሣ። ታከለ ገና ሳይወጣ ስልኩ ደገመ፣ መርጌታን አላባቸው፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ አጥሚት አምጡልኝ አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት መርጌታ በእግራቸው መጡ። ጉልበቴን ስመው ሊያመሰግኑኝ ሲሉ በመጸየፍ ወደ ኋላ አልኩ፣ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

«ልጄ፣ ያነን ውሃ የት ደፋኸው?» አሉኝ።

«ከዛፍ ሥር፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ» አልኳቸው።

እግሬን ትክ ብለው አዩና «እንዲያ ከሆነ ደግ» ብለው ሄዱ።

ያን አሮጌ ሴንሰር ከቡሎኖቼ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ጥዬው ነበር። ትናንት እልህ ያዘኝና አንድ ደንበኛ መኪና ላይ፣ ውሃ ሳይነካው፣ እንዲሁ በአየር ላይ ሰካሁት። 39 አለ። ያ ውሃ የተረጨበትን ቅልጥሜን ማሳከክ ከጀመረኝ ሳምንት ሆኖታል፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ግን እስካሁን አላየሁትም።