ሁለት ቁራጭ ጣውላ

አናጺው የተገኘው ከገዛ መሥሪያ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ግንባሩ በእንጨት መዶሻ ተደርምሷል። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ከሁለት ወገን ተጨፍልቀው በቆዳ ብቻ ተንጠልጥለዋል። አፉ ውስጥ ቫርኒሽ የጠጣ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ሰጋቱራው ደሙን መጥጦ ጭቃ ሆኗል። ያንን አይቶ ምሳውን የሚበላ ሰው ካለ እኔ ሰው አልለውም።

ሐሙስ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ጨርቁ እዚሁ ቫርኒሽ የምትቀባው የቀቢዋ ነው» አላት። «ትናንት በደሞዝ ተጣልተው ነበር። ይዣታለሁ። ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«እጇን አሥረሃል። ጠይቀሃታልስ?»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የነካችውንም ሳትበሳ አትመለስም። እንጨት ቀርቅሮ ወደሚይዘው ብረት፣ ወደ ሞርሳው፣ ጎንበስ አለች። የሞርሳው ሁለት መንጋጋዎች ንጹሕ ናቸው።

«ሦስት ጣት የፈጨ ብረት እንዴት ደም አይነካውም?» አለች ለራሷ።

በሰጋቱራው ውስጥ እጇን ሰድዳ ፈለገች። ከጥግ ከተከመረው ሥር መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት ቁራጭ ጣውላዎች አወጣች። ባንድ ፊታቸው ደም፣ በሌላው ፊታቸው የሞርሳው ጥርስ ምልክት አለ። በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

የሟች ሚስት ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት፣ የስምንት ዓመት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። የልጅቷ ግራ ዓይን ደፍርሷል።

«የፊታችን ሰኞ ቀዶ ጥገና ነበራት» አለች ሚስትየዋ። «ካልከፈልን ተራዋን ለሌላ ይሰጡብናል። ዓይኗ ከዚያ ወዲያ አይጠብቅም ብለውናል። አራት መቶ ሺሁን ሲያጠራቅም አንድ ጫማ ሳይለውጥ ኖረ!»

«ገንዘቡስ የት አለ?»

«ምኑን ዐውቄው እህቴ! ባለፈው ሰኞ አንዱ ደውሎ ‹ከባንክ ነን፤ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩን› ቢለው፣ ‹እናትህን ጠይቅ› ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ከዚያ ግን እንቅልፍ አጣ። ‹ስልክ ላይ የሌለን ገንዘብ በስልክ አይሰርቁትም› ብሎ ገንዘቡን ከስልኩ ሒሳብ አወጣው። የት አደረግኸው ብለው፣ ‹ያላወቅሽውን አታለው አይወስዱብሽም› አለኝ። ይኸው፣ ይዞት ሄደ።»

ጎረቤቱ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ነጭናጫ ሽማግሌ።

«ጋሼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ምን ሰሙ?»

«ማሽን ነዋ! ስድስት ተኩል ላይ የመላጊያ ማሽኑ ተነሣ። እንጨት ሲበላ ድምፁ ይወፍራል። ይሄ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ በባዶው ጮኸ። ‹መብራት በነፃ ሆነ እንዴ!› ብዬ ተራገምኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ከሟች ጋር አትስማሙም ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ ነበር የምንጣላው! ሰጋቱራው መስታወቴ ላይ እያረፈ። ጎረቤት ካልተጣላ ምኑን ጎረቤት ሆነ?» አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ቀቢዋ ጣቢያ ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ በጥፊ አብጧል። መርማሪዋ አዛዡን ገረመመችውና ካቴናውን አስፈታች።

«ማሽኑን ታስነሺያለሽ?»

«እኔ? ማብሪያው አንዴ ነዝሮኝ ሞቼ ተርፌያለሁ። አጠገቡም አልደርስ። ምሳ ሰዓት ልጄን ላጠባ እናቴ ቤት ነበርኩ። ጨርቄ እንደሆነ በር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው፤ ማንም ያነሣዋል።»

የሟች ታናሽ ወንድም ሱቁ ደጃፍ የጣውላ ክምር ላይ ሆኖ ያለቅሳል። ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ነበር የሚሠሩት።

«ጣውላ ልገዛ ወጣሁ፤ መጋዘኑ ዝግ ነበር» አላት። «እነዚያ የስልክ ሌቦች ናቸው! በስልክ እምቢ ሲላቸው በአካል መጡበት። ወንድም ጋሼን ጨረሱብኝ!»

«ፈጣሪ ያጽናህ» አለችውና የፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጥታ ባንክ ሄደች። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አንድ ሰው በሟች ስልክ፣ በትክክለኛው ሚስጥር ቁጥር ገብቶ ሒሳቡን አይቷል። ሦስት ሺህ ነበረበት። አልነካውም። መርማሪዋ የታናሽየውንም ሒሳብ ጠየቀች። ከባንኩ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደሙ ገና ከወለሉ አልለቀቀም። በእጇ ጥርት ብላ የተላገች የወንበር እግር ይዛለች።

«ይቺን በየተራ ሞርሳው ላይ እሠሩልኝ።»

ቀቢዋ ቀጥታ ብረቱ መሐል ሰክታ አጠበቀች። መስታወት ቆራጩ «ያለ ላስቲክ ልታሰብረኝ ነው!» ብሎ በላስቲክ ጠቀለላት። ታናሽየው ተቀበለ። ሞርሳውን ከፈተ። ዓይኑ ሳያይ ግራ እጁ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሄዶ ሁለት ቁራጭ ጣውላ ይዞ ወጣ። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ሊያደርግ ሲል ደርቆ ቀረ።

«ጨርስ እንጂ» አለችው።

አልጨረሰም። እሷም ከቦርሳዋ ሁለቱን ደም የነካቸው ቁራጮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«ማሽኑ በባዶው የጮኸው ጩኸት ለመሸፈን ነው። ከሟችና ከአንተ በቀር እዚህ የሚያስነሣው የለም። ሌባ ቢሆን ሦስት ሺሁን አይተውም ነበር። ይሄኛው የፈለገው ብዙውን ነው። አናጺ ደግሞ ብረቱ እንጨቱን እንዳይነክሰው በቁራጭ ሳይደግፍ አያስርም፤ እጁ ለምዶታል። የወንድምህን ጣት ስትፈጭ እንኳ ለዕቃው ተጠነቀቅክ!»

«ለምን ብዬ?» አለ።

«ሰኞ ለአንተም ደውለውልህ ነበር። እሱ ስድብ ሰጥቶ የዘጋባቸውን፣ አንተ ‹እሺ ጌታዬ› ብለህ ቁጥሩን አነበብክላቸው። ለበር ሥራ በአንተ ሒሳብ የገባውን የደንበኛ ሁለት መቶ ሺህ ጠራርገው ወሰዱት። ለወንድምህ መናገር አፈርክ።»

ታናሽየው ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከ። «ይስቅብኛል ብዬ… የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጣቶች ላስፈራራው ብዬ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ሰጠኝ። ስገባ ገንዘቡ የለም። የት ደበቅኸው አልኩና ሦስተኛውን አጠበቅኩ። ያኔ ‹ባንተ ደብተር ነው ያለው› አለኝ። በዚያ ሰዓት የሚያላግጥብኝ መስሎኝ… ጨርቁን አፉ ውስጥ መልሼ… መዶሻውን…»

«አላላገጠብህም» አለች ወስፌ። «ልጅ ሳለህ እሱ የከፈተልህ የቁጠባ ደብተር ነበረህ። ከስልክ ጋር አልተያያዘም፤ መልእክት አይገባልህም። አንተው ረስተኸዋል። ማክሰኞ ዕለት ባንክ ሄዶ አራት መቶ ሺሁን ሁሉ እዚያ አስገባው። ገንዘብ ተቀባይዋ ‹ታምነዋለህ?› ብትለው፣ ‹ወንድሜ እኮ ነው› አላት።»

መስታወት ቆራጩ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» እያለ ግድግዳውን ተደገፈ። ታናሽየው ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያጋጭ ጀመር፤ ሁለት ፖሊሶች በግድ አነሡት። ሚስትየዋ አላለቀሰችም። ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ገንዘቡ በስምህ ነው አሉኝ» አለችው። «ያለ ፊርማህ አይወጣም። መኖርህን የምፈልገው ለዚች ብቻ ነው። ተነሥ!»

በዚያው ዕለት ፖሊስ ባንክ ወሰደው። አንድ እጁን ከካቴናው አወጡለት። የመጀመሪያው ፊርማ ተንቀጥቅጦ ስላልመሰለ ባንኩ አልቀበልም አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሚስትየዋ አንጓውን ግጥም አድርጋ ይዛለት በሦስተኛው ፈረመ። ቀቢዋ ልጇን አዝላ ከውጭ ትጠብቃት ነበር፤ ገንዘቡን ይዘው አብረው ወደ ሐኪም ቤቱ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወስዷት አንገቷን ወደ እናቷ መለሰች።

«እማ፣ አጎቴ የታለ? ዓይኔ ሲበራ ‹መጀመሪያ እኔን ነው የምታዪው› ብሎኝ ነበር እኮ።»

እናቷ ግንባሯን ሳመቻትና በሩ እስኪዘጋ ቆማ ጠበቀች።