ዛፉ ላይ የቀረው ሰማያዊ ቀለም

ሰው ከሰው ይጣላል፤ ዶሪን ግን ያን ቀን ጠዋት የተጣላችው ከቀለም ጋር ነው።

በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ የባሕሩ ጭጋግ ከማይለየው ጫካ ውስጥ፣ መኪና በሆዱ የሚያሳልፍ አንድ ግዙፍ ዛፍ አለ። ዶሪን እዚያ በር ላይ ትኬት ትቆርጣለች። ቱሪስቱ በዚህ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጥሩምባውን ይነፋል፣ በዚያ ይወጣል። የመንደሩ ሰው ግን በዛፉ የሚያልፈው በሠርጉ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከሴት ጋር ያለፈ ወንድ፣ ቀለበት ባያስርም እንዳሰረ ይቆጠራል። የመንደሩን ልጅ ደግሞ ማንም ትኬት አይጠይቀውም፤ ትኬት ለእንግዳ ነው።

ታዲያ ያን ቀን የዛፉን ሆድ ልትጠርግ ስትገባ፣ ግንዱ ላይ አዲስ ሰማያዊ ጭረት አየች። በመንደሩ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ፒክአፕ ያለው ቨርጂል ብቻ ነው። ቨርጂል ደግሞ የእሷ ነው። ቢያንስ እስከ ትናንት እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ትኬት መቁረጫው አጠገብ ዶናት የምትጠብሰው አክስቷ ኦፓል ነገሩን አባሰችው። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ዶሪን ዘግታ ከሄደች በኋላ፣ ቨርጂል ማርሊንን ጭኖ ወደ ዛፉ ሲወጣ አይታለች። ማርሊን የሆቴሉ ባለቤት ልጅ ናት፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ለእረፍት መጥታ በዚያ ጭቃ ላይ በነጭ ጫማ የምትንጎራደደው።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ያየሁትን ነው» አለች አክስቷ ዶናቱን እየገለበጠች።

የዶሪን ቆሽት አረረ። ቨርጂል ማታ ማታ ሥራዋን እስክትዘጋ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ወሬም አያበዛም። የጋብቻን ነገር ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። አሁን ምክንያቱ የገባት መሰላት። ማርሊን ትከሻው ላይ ተደግፋ ስትስቅ ታያት። ሳቋን ጠላች፣ ጫማዋን ጠላች፣ ዛፉንም ሳይቀር ጠላች።

ከምሳ በኋላ ቨርጂል መጣ። እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ሲል፣ ዶሪን ሳታየው አንድ ትኬት ቆርጣ ገፋችለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትኬት ነዋ። ለእንግዳ።»

ፊቱ ዳመነ። እዚያው ጫካ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር።

«ዶሪን፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ዛፉን ጠይቀው። ቀለምህን ትተህለት ሄደሃል።»

ቨርጂል እስከ ጆሮው ቀላ። ዶሪን ይህን ስታይ ጥርጣሬዋ እርግጥ ሆነላት። የማርሊን ነጭ ጫማ ቆሽሾ እንደሆነም ጠየቀችው።

እሱ ዞሮ ሄደ። ፒክአፑ ጋ ደርሶ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ያ በር ከተከፈተ ነገሩ ሁሉ እንዳለቀ ዶሪን ታውቃለች። ልትጠራው ፈለገች፣ ኩራቷ አፏን ያዛት። ቨርጂል ግን እጀታውን ለቆ ተመለሰ።

«ፒክአፑ በዛፉ ያልፍ እንደሆነ ልለካ ነው የሄድኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቢያልፍ ምን ሊያደርግልህ?»

«ላገባሽ ነዋ። እሺ ካልሽኝ በኋላ፣ በሠርጋችን ቀን ተቀርቅረን መንደሩ ይሳቅብን?»

ቨርጂል የፒክአፑን ጎንና ጎን እያየ የሚመራው ሰው አስፈልጎት ነበር። ግንድ ቆራጭ ጓደኞቹን ቢይዝ ወሬው ቀድሞት እሷ ጋ ይደርሳል። ማርሊን ግን ሰሞኑን ወደ ከተማዋ ትመለሳለች፣ ወሬውም አብሯት። ችግሩ ማርሊን ግራና ቀኟን አትለይም፤ ፒክአፑን ያስላጠችው እሷ ናት።

የዶሪን አንጀት ራሰ። ቅናት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ በሽታ አይደለም።

«ቢሆንም ከእሷ ጋር አልፈሃል። ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«አላለፍንም። መሐል ላይ ተቀረቀርን፤ በገባንበት ወደ ኋላ ወጣን።»

ዶሪን ወደ አክስቷ ዞረች። እንዲህ ያለውን ነገር ከኦፓል በላይ የሚያውቅ የለም።

«ወደ ኋላ ከወጣማ አይቆጠርም» ብላ ፈረደች ኦፓል፣ ዓይኗን ከዘይቱ ሳትነቅል።

ወረፋ የሰለቸው ቱሪስት ጥሩምባውን ነፋ። ዶሪን መስኮቱን በፊቱ ዘግታ ወጣችና ቨርጂል ፊት ቆመች።

«እሺ» አለችው።

«ገና መቼ ጠየቅኩሽ?»

«ትጠይቀኛለህ፣ እኔም እሺ እልሃለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ማርሊን የት ነበር የተቀመጠችው?»

«ከኋላ፣ ጭነት መጫኛው ላይ። ያውም ቆማ።»

ዶሪን ይህን ጊዜ እጇን ሰጠችው።