የታደሰ ተረከዞች

ታደሰ ከሞተ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ኖረ ከተባለ፣ የኖረው ባሕር ማዶ፣ ቴሜስካል በሚባል ሰፈር፣ ወይዘሮ የወርቅውሃ በጓሯቸው ከሚያከራዩአቸው ሁለት ክፍሎች በአንዱ ነው። በሌላው ክፍል ጉዲና አለ።

የሞት መርማሪዋ ሮማነወርቅ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ብቻዋን ትኖራለች። ዘመድ የሌለው ሰው ሞት ሲደርሳት ሆዷ ይባባል፤ ይህን ለማንም አትናገርም።

የአምቡላንሱ ወረቀት «ደረጃ ላይ አዳልጦት ወደቀ፤ ይናገራል» ይላል። ስለዚህ ከባድ አደጋ ወደሚታከምበት ሆስፒታል ሳይሆን ቅርብ ወዳለው ወሰዱት። ተራ ሲጠብቅ ሆዱ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። ሬሳው ሲመረመር ግን ሁለቱም ተረከዞቹና የወገቡ አጥንት ተሰብረው ተገኙ። ፖሊስ «ተደብድቧል» ብሎ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ከታደሰ ጋር የተጣላውን ጉዲናን ሊያስር ነው።

«የዚያን ቀን ጠዋት በምን ተጣላችሁ?» አለችው ሮማነወርቅ ጉዲናን።

«በፓርኪንግ። መቼ ሳንጣላ ውለን እናውቃለን! ከዚያ ተኛሁ። የናይት ሺፍት ሠራተኛ ነኝ፣ ሌሊት ሠርቼ ቀን ነው የምተኛው፤ ማን ይመስክርልኝ?»

ነገርን ከሥሩ ነውና ጓሮውን ዞረችው። የጣሪያው አሸንዳ ግማሹ ተጠርጓል፤ ግማሹን ቅጠል ሞልቶታል። ከሥሩ መሰላል የቆመበት አፈር ሰርጉዷል። መሰላሉ ግን የለም።

«መሰላሉስ?»

«ጋራዥ ይሆናል። ቁልፉ ጽናት ጋ ነው» አላት ጉዲና። ጽናት የወይዘሮ የወርቅውሃ ልጅ ናት።

ከሰዓት በኋላ ጉዲናን፣ ጽናትንና እናቷን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«በእርግጫ ሁለት ተረከዝ እኩል አይሰበርም» አለች ሮማነወርቅ። «ደረጃ ላይ በማዳለጥም አይሰበርም። ይህ ከከፍታ ወርዶ በእግሩ ያረፈ ሰው ስብራት ነው። ታደሰ አሸንዳውን ጠርጎ ሳይጨርስ ወደቀ። የወደቀ ሰው ደግሞ መሰላል አንስቶ ጋራዥ ውስጥ አይቆልፍም። የአምቡላንስ ሠራተኞች አወዳደቁን ሰምተው ነው የት እንደሚወስዱት የሚወስኑት። ጽናት፣ የነገርሻቸው አንቺ ነሽ። ወረቀቱ ላይ ስምሽ አለ።»

ጽናት አቀረቀረች። «እማዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። ልቧን ያማታል። ታደሰን ጣሪያ ላይ ውጣ ያለችው እሷ ናት። ከሩፍ ወደቀ ካልኩ እዚያው ትወድቅብኛለች። እሱም "አይ አም ፋይን፣ ደህና ነኝ" አለ። በኋላ ሆስፒታሉ ጋ ኮል አደርጋለሁ ብዬ... መሰላሉንም እንዳታየው ጋራዥ ቆለፍኩበት። አይ ወዝ ስኬርድ፣ ፈራሁ።»

ሮማነወርቅ ልትቆጣት ፈለገች፤ አልሆነላትም። እሷም ለታመመ ሰው መርዶ ስትሸሽግ ኖራለች።

«ለእናትሽ የሚነገረውን ውሸት ለአምቡላንሱ ነገርሽ» አለቻት።

«እኔ ነኝ ውጣልኝ ያልኩት» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። የፈራችላቸው ልባቸው ግን አልቆመም፤ ተቀምጠው አለቀሱ።

ፖሊሱ ጉዲናን ሳያስር ወጣ።

«ጋሼ ጉዲና፣ አይ አም ሶሪ» አለች ጽናት።

ጉዲና ቀና አላለም። «አራት ቀን ሙሉ ገዳይ ነው ተብዬ ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ ስቀመጥ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም» አለ። «ታደሰ ቢኖር ያንኳኳ ነበር። ተጣልተንም ቢሆን።»