ወይን ጠጁ ብጣሽ

«ያ ቁራጭ የት ገባ?» አለች እናቷ፣ ሦስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ። በስፒሎቹ ምክንያት የቃሉ ግማሽ ብቻ ነው የወጣው፤ ልጅቷ ግን በደንብ ሰምታለች። ጭኗ ላይ ያለውን ነገር ቶሎ ብላ በደብተሯ ሸፈነችው።

የሸፈነችው የመርፌ መሰኪያ ትራስ ነበር። ነገ ለእጅ ሥራ ፈተና የምታስረክበው እሱን ነው። ወረቀት ባለ ስድስት ጎን አድርጎ መቁረጥ፣ ጨርቁን በላዩ አጥፎ በሰፋፊ ስፌት ማስያዝ፣ ከዚያ ዳር ለዳር አጋጥሞ በጥቃቅን ስፌት ማያያዝ፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አውጥቶ ጥጥ መጠቅጠቅ። ሲያወሩት ቀላል ነው። እሷ ግን ጣቷ ወንፊት እስኪመስል ተወግታለች። መሃሉ ነጭ፣ ዙሪያውን ስድስት ወይን ጠጅ ቅጠል ያለው አበባ ሆኖላታል። መምህርቷ ትናንት አይታው «አሪፍ ነው! አንደኛ የሚወጣው ይሄ ነው» ስትል ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። በሌላው ትምህርት ደረጃዋን ለማግኘት ከታች መቁጠር ለሚሻላት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወይን ጠጁን ጨርቅ ያገኘችው ከልብስ ሰፊዋ እናቷ መቁረጫ ጠረጴዛ ዳር ነው። ትርፍ ብጣሽ መስሏት ነበር።

«የቀሚሱ ቁልፎች በራሱ ጨርቅ ነው የሚለበጡት» አለች እናቷ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ። «ለአምስት ቁልፍ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ቀሚሱን ያሰፋችው ሴትዮ ነገ ስትመጣ ምን ልበላት? ጋሼ፣ ትናንት ሲጠርጉ አላዩትም?»

ጋሼ ካውያ በስፌት ቤቱ ልብስ የሚተኩሱት ሽማግሌ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። «አላየሁም» አሉ። ካውያውን አስቀመጡና ጨመሩ፦ «ወይም አይቼው ረስቼው ይሆናል።»

«እንግዲህ ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ ጠረጴዛዬን አይንኩብኝ።» አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። እናቷ ተመሳሳይ ጨርቅ ፍለጋ ወደ ሱቆች ወጣች።

ልጅቷ ደብተሯን ትራሱ ላይ ጫን አደረገችው። ካስረከብኩ በኋላ እነግራታለሁ ብላ ራሷን አባበለች።

ጋሼ ካውያ የብጣሹን ጆንያ ወለሉ ላይ ዘረገፉና ተንበረከኩ። እያንዳንዱን ቁራጭ እያነሱ ወደ ብርሃን ያስጠጉታል።

«ጋሼ፣ ይተዉት በቃ።»

«አይ፣ የጣልኩት እኔ መሆን አለመሆኔን ማወቅ አለብኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ወንድሜም እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ዕቃ ይረሳ ነበር፣ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ፣ መጨረሻ ላይ እኔን ረሳኝ።» ሌላ ቁራጭ አነሱ። «ለልጆቼ ልንገራቸው ይሆን እያልኩ ነው።»

ልጅቷ አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ትራሱን አውጥታ ገለበጠችው። ጀርባው ገና ስላልተሰፋ ወረቀቶቹ እንዳሉ ናቸው። አንዱን ቅጠል በጣቷ ለካችው፤ እጥፋቱ ሲዘረጋ አንድ ቁልፍ ይለብጣል። መቀሷን አነሳችና ያን ሁሉ ስፌት አንድ በአንድ ትበጥሰው ጀመር። አንጀቷ አብሮ የሚበጠስ መሰላት፤ እጇ ግን አልቆመም።

የመጀመሪያውን ቅጠል ይዛ ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልጠረጉትም። እኔ ነኝ የወሰድኩት። እናቴ ስትጠይቅም እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።»

ጨርቁን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን «እና አልረሳሁም?» አሉ።

«አልረሱም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። እዚህ ያልነበረ ጨርቅ ከየት ያዩታል?»

ጋሼ ካውያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ሳቁ። «አንቺ ጉደኛ! ጉልበቴን ጨረስሽው እኮ።» ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። «በይ አምጪ፣ እጥፋቱ እንዳይታይ ልተኩሰው። ለእናትሽ ከጆንያው ውስጥ አገኘሁት እላታለሁ፤ አንቺንም አትቆጣሽም።»

«እንደዚያማ ከሆነ የጣሉት እርስዎ ነዎት ማለት ነው» አለች ልጅቷ። «እኔው እነግራታለሁ።»

ሁለተኛውን ቅጠል መፍታት ጀመረች።