ከሻርፑ ስር ያየኋቸው ሁለት ቀያይ ሰዎች

ይሄ የደረሰው በእኔ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ላታምኑኝ ትችላላችሁ... አልለምናችሁም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፈጥሮ ለመጻፍ የሚበቃ ትምህርት የለኝም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሁሉ «እኩለ ሌሊት ላይ ነበር» ብሎ ይጀምራል። የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ጥላ እግር ስር በሚገባበት ሰዓት።

እኔና ታናሽ እህቴ ልብስ አጣቢዎች ነን።

ነበርን።

መንገድ ሠሪዎች በሰፈሩበት ሁሉ እየሄድን ቱታቸውን እናጥብ ነበር። የምንሄደውም የምናድረውም በአንዲት አሮጌ መኪና ነው። ከኋላዋ አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ጠረጴዛ አላት፣ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት ወንበሮች አሏት። «ቤቷ» ነበር የምንላት።

ቤቷ አንድ ክፉ ዐመል አላት። ቀን ቀን ዳሽቦርዷ አይነበብም።

ፀሐይ ትበላዋለች። ነዳጁ፣ ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ሙቀት... ሁሉም ነጭ ሆኖ ይጠፋል። መስታወቱ ላይ የማየው የራሴን ፊት ነው። መካኒኩ መብራቱ ደክሟል፣ መስታወቱም ደብዝዟል፣ ማታ ማታ ንጂ አለኝ። እኔ ማታ አልነዳም አልኩት። አልነዳም ካልኩ ደግሞ አልነዳም።

ስለዚህ መላ ፈጠርን።

ጥቁር ሻርፕ አለኝ። ማየት ስፈልግ ሻርፑን ራሴና ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አድርጌ አንገቴን እደፋለሁ። ከስሩ ሲጨልም ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ እስካይ ድረስ መንገዱን እህቴ ታይልኛለች።

«ቀጥ በይ... ቀጥ በይ... ትንሽ ወደ ግራ... ቀጥ በይ» እያለች።

ሳቁብን። ሁለት ዓመት እንዲህ ነድተን አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨንም።

ከሻርፑ ስር ከሚታዩት ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቀያይ ሰዎች አሉ። የኋለኞቹ ወንበሮች መብራቶች ናቸው። ሰው ቀበቶ ሳያስር ከተቀመጠ የዚያ ወንበር ቀይ ሰው ይበራል። ቀበቶው ከታሰረ ወይም ወንበሩ ባዶ ከሆነ ይጠፋል።

እህቴ ቀበቶ አታስርም። አንገቴን ይቆርጠኛል ትላለች። በዚያ ላይ ቀጭን ናት፤ ጭራሮ ነው የምላት። እሷ ስትቀመጥ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል... ያመነታል።

«መብራቱ እንኳ ሰው ብሎ አይቆጥርሽም» እላት ነበር።

ትስቃለች። ሳቋ ግን ከአፏ አያልፍም፤ ዓይኗ ጋ አይደርስም። አላስተዋልኩም ልበላችሁ?

አስተውዬ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት እናታችን ደወለች። በዘጠኝ ሰዓት ሆዷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ሐኪሙ ዛሬ ካለፈ እኔ የለሁበትም ብሏታል። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ያዘች።

«ሁለታችሁንም ሳላይ አልገባም።»

እናቴ አልገባም ካለች አትገባም። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ አሁን ገባችሁ።

እየተጣደፍኩ ጫንኩ። ያልደረቀውን ልብስ በጆንያ በጆንያ ሞልቼ ከወንበሬ ኋላ መተላለፊያው ላይ እስከ ጣሪያ ደረደርኩት። እህቴ እዚህ ከሞላሽው እኔ በየት ወደ ፊት እመጣለሁ አለች። ምን ልታደርጊ ትመጫለሽ አልኳት። እርጥብ ልብስ ድንጋይ ማለት ነው፤ አንዴ ከደረደርኩት እሷ አትነቀንቀውም።

በጆንያዎቹና በግድግዳው መካከል በቀኝ በኩል አንድ ስንዝር ክፍተት ቀረች። እህቴ ከወንበሯ ሆና በዚያች ክፍተት መንገዱን ታያለች። ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እሷ ጠረጴዛው ላይ የደረቁትን ቱታዎች ታጥፋለች፣ እኔ እነዳለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ሻርፑን ጣል አደረግኩ።

«ቀጥ በይ... ቀጥ በይ...»

ነዳጁ ደህና ነው። ሙቀቱም ደህና ነው። የእህቴ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል።

የፊት ለፊቷ የባዶው ወንበር መብራት ግን... በርቷል። አያመነታም። ቀጥ ብሎ በርቷል።

ወንበሩ ላይ ምን ጫንሽበት አልኳት። ምንም አለች። ልብሱን አንሺው አልኳት። ምንም ልብስ የለበትም አለች።

መኪናዋ አርጅታለች ብዬ ሻርፑን ገፈፍኩ።

ትንሽ ሄድን።

«እትዬ...» አለች በክፍተቷ በኩል፣ በሹክሹክታ።

«ምንድነው?»

«ወንበሩ ጎድጉዷል።»

«የቱ?»

«ፊቴ ያለው። መቀመጫው... ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል።»

ስፖንጁ ስላለቀ ነው አልኳት። ቅድም ሙሉ ነበር አለች። ቀጥላም እባክሽ አቁሚና በበሩ ወርጄ ከፊት ልምጣ አለችኝ።

ዳገት ላይ ነን፣ እዚህ ከቆመች አትነሳም አልኳት። ውሸት አይደለም። ግን ምክንያቱ እሱ አልነበረም። አላቆምም ብያለሁ፣ አላቆምም... ይኸው ነው።

ዳገቱ አለቀ። ሜዳ ሆነ። አሁንም አላቆምኩም።

«እትዬ፣ ስድስት ቱታ ነው ያጠፍኩት።»

«እና?»

«ዘጠኝ ሆነዋል።»

«ጎበዝ። እጅሽ ፈጥኗል።»

አተነፋፈሷ ይሰማኛል። ድሮም ፈሪ ናት፤ ልጅ ሆነን ጓዳ ስትላክ ቀሚሴን ይዛ ነበር የምትገባው። እኔም መሃል ላይ አስለቅቄያት እሮጣለሁ።

«እትዬ፣ በእናታችን። አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«የምነዳው ወደ እናታችን ነው። ስሟን አትጥሪ።»

«እያየኝ ነው።»

ምን እንደመለስኩላት ልንገራችሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቃል።

«ቢያይሽ ምን አለበት፤ መብራቱ እንደሆነ አንቺን አልቆጠረሽም፣ እሱን ቆጥሮታል። እንግዳሽን አክብሪ።»

ከዚያ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

ከዘፈኑ ስር ጆንያዎቹን በእጇ ስትመታ ይሰማኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። መታች... መታች... እየቀነሰ መጣ።

ተወች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮውን ዝቅ አደረግኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ዳሽቦርዱ ነጭ ነው።

«ጭራሮ፣ አኩርፈሻል?»

ሻርፑን አነሳሁ።

«መንገዱን እይልኝ፣ ሙቀቱን ልይ።»

«እሺ እትዬ።»

እህቴ እሺ አትልም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። የምላትን ታደርጋለች፤ ግን «ኧረ ተይኝ» እያለች ነው የምታደርገው። እሺ የሚባል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ሻርፑን ጣል አደረግኩ።

ሁለቱም ቀያይ ሰዎች ጠፍተዋል።

«ቀበቶሽን አሰርሽ እንዴ?»

«አስሬያለሁ።»

«እንግዳሽስ?» አልኩ እየሳቅኩ።

«እሱም አስሯል።»

እሷም ሳቀች። ከልቧ ሳቀች... ያን ያህል ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«ላቁምልሽ?» አልኳት። አሁን ስለተረታች ልቆምላት ፈልጌ ነበር።

«አታቁሚ። ንጂ።»

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ይቺን ልጅ ዛሬ ገና ቀጣኋት ብዬ ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ቁልቁለቱ ያዘን። በአንድ ወገን ገደል ነው። ፍሬን ደጋግሜ ስለያዝኩ የሆነ ነገር መሽተት ጀመረ። የፍሬኑን መብራት ማየት ነበረብኝ።

«እይልኝ» ብዬ ሻርፑን ጣልኩ።

«ቀጥ በይ...»

የፍሬኑ መብራት አልበራም። ሁለቱ ቀያይ ሰዎችም እንደጠፉ ናቸው።

«ቀጥ በይ... ቀጥ በይ...»

ድምፁ የእህቴ ነው። ግን ክፍተቷ በቀኝ በኩል ናት። ድምፁ የሚመጣው ከግራዬ ነው። ከአንገቴ ስር። ሻርፑ በትንፋሽ ወደ ጉንጬ ይጠጋል፣ ይርቃል...

ትንፋሹ ቀዝቃዛ ነው።

«ቀጥ በይ... ቀጥ በይ... ቀጥ በይ...»

የቁልቁለት መንገድ ይህን ያህል ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ሻርፑን ገፈፍኩት።

ከፊቴ መንገድ የለም። ሰማይ ነው ያለው።

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ስትቆም ከፊት ጎማዋ ስር ጠጠር እየወረደ ነበር። ሲወርድ ይሰማል... ሲያርፍ አልሰማሁም።

ግራዬ ላይ ማንም የለም። የተዘጋ መስኮት ብቻ።

«ጭራሮ?»

ጆንያዎቹን ጎትቼ ጣልኳቸው። ጥፍሬ ተነቀለ። ገባሁ።

እህቴ የለችም።

በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው።

ወንበሯ ላይ ቀሚሷ አለ። ቱታ እንደምናጥፈው ታጥፏል... እጅጌው ወደ ውስጥ፣ አንገቱ ወደ ላይ። ቀበቶው በላዩ ላይ ታስሯል። ጫማዋ ከስር ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ቀሚሷን ነካሁት። ይሞቃል።

ፊት ለፊት ያለው ወንበርም ቀበቶው ታስሯል። ምንም የለበትም። መቀመጫው ግን ጎድጉዷል። እያየሁት... ቀስ ብሎ... ሞላ። ሰው ሲነሳ እንደሚሞላው።

ፖሊስ መጣ። ያን መንገድ ሁለት ሳምንት ፈለጉት። ገደሉ ውስጥ ሰው አወረዱ። አንድ ክር አላገኙም። እኔንም ጠየቁኝ፤ የጻፍኩላችሁን ነገርኳቸው። ቃሌን የሚጽፈው ፖሊስ መሃል ላይ መጻፉን ተወው።

የዚያን ቀን እናቴ ጋ የደረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሐኪም ቤቱን ልብስ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አልገባችም።

ከእኔ ኋላ በሩን አየች።

«እህትሽስ?»

«ከኋላ ናት» አልኳት።



«እንግዲያ ትምጣ፤ እጠብቃለሁ» አለች። ሐኪሙ ለመናት፣ እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ሁለታችሁንም ሳላይ ብያለሁ አለች። ስምንት ቀን ጠበቀች። ስትሞት ፊቷ ወደ በሩ ነበር።

አንድ ደቂቃ ነበር የተጠየቅኩት።

ቤቷን አልሸጥኳትም። ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ባትሪዋን መካኒኩ ራሱ ነቅሎ ወስዶታል፤ ጎማዎቿም ተንፍሰዋል። ጎረቤቶቼ አብዳለች ይሉኛል። ይበሉ።

በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ ገብቼ መሪው ጋ እቀመጣለሁ። ዳሽቦርዱ ነጭ ነው። ምንም አይታይም።

ሻርፑን ጣል አደርጋለሁ።

አንዱ ቀይ ሰው በርቷል። ቀጥ ብሎ በርቷል። ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ... ይበራል... ይጠፋል... ይበራል...

«ቆጥሮሻል» እላታለሁ። «ይኸው፣ ቆጥሮሻል።»

አትመልስልኝም። ከኋላዬ፣ ጆንያዎቹ በነበሩበት በኩል፣ በእጅ ይመታል። መጀመሪያ በኃይል... ከዚያ እየቀነሰ... ሊያቆም ሲል ድምጿ ይመጣል፣ በሹክሹክታ።

«እትዬ... አቁሚ።»

መኪናዋ ከቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል።