በጥለት የታሰረው ክዳን

እኔ ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ሲወራ ተነስቼ ሳህን የማጥብ ሴት ነኝ፣ እናቴ ሕልም አየሁ ስትል እንኳ «እማ፣ ማታ ብዙ በልተሽ ነው» እያልኩ የማበሽቃት፣ እና ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ለራሴም አልዋጥልኝ ብሎ ነው።

እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ በሚባል ከተማ ውስጥ በሽተኞችን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሥራው ውስጥ ያስገባኝ አባዬ ነው፣ እዚያው ግቢ ስንት ዓመት መኪና ሲያጥብ ኖሮ፣ አለቃችንን «ልጄ ጠንቃቃ ናት፣ በእኔ ይሁን» ብሎ። የናፍጣ መኪና ጭሱን የሚያጠራለት ኡሪያ የሚባል ውሃ መሳይ ነገር አለ፣ የሚቀዳበት ቀዳዳ ከናፍጣው ቀዳዳ ጎን ነው፣ ተሳስታችሁ ናፍጣው ውስጥ ከጨመራችሁት ሞተሩ አለቀለት። አባዬ ደግሞ ዕብራይስጥ ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህ ከአሮጌ ኩታው ጥለት እየቀደደ የየመኪናውን የኡሪያ ክዳን ያስርበት ነበር፣ እኛ ማንበብ የምንችለውም ሳይቀር በእሱ ጥለት ነበር የምንለየው።

ሲቀዳ ብታዩት! እርጥብ ጨርቅ በቀዳዳው ዙሪያ ይጠመጥማል፣ ጀሪካኑን ቀስ አድርጎ ያዘነብላል፣ አየሩ እንዲወጣ እያረፈ፣ አፍ እስኪደርስ አይሞላም፣ በመጨረሻም ንጹሕ ውሃ ያፈስበታል፣ ጠብታዋ ከደረቀች ነጭ ጨው ሆና ብረት ትበላለችና። ስቸኩል ካየኝ የመኪናውን ጎን በጣቱ ኳ ኳ ኳ አድርጎ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ሰማሽ ትርንጎ?» ይለኛል። እኔም «በሰደር፣ በሰደር»። «በሰደር ለአለቃሽ ነው፣ ለአባት እሺ ነው የሚባለው» ይላል። የመጨረሻ ቀንም «በሰደር አባ፣ አትነዝንዘኝ!» ብዬው ነው የሄድኩ፣ በማግስቱ ልቡ ቆመ። ይህቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅራ ቀረች።

እሱ በሞተ በወሩ ሌላ ሚኒባስ ሰጡኝ፣ ያገለገለ፣ ሁለቱም ክዳኖቹ ጥቁር፣ ጽሑፋቸውም የተፋቀ። አባዬ ይህን መኪና በዓይኑ አላየውም፣ ይህን ያዙልኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሁሉም ለሰንበቱ፣ ለሻባት፣ ወደየቤቱ ሄዷል፣ በሩ ላይ ጠባቂው ሰርጌይ ብቻ አለ። ኡሪያው ሊያልቅ ነው የሚለው መብራት በርቷል፣ ካለቀ እሁድ ጠዋት መኪናው አይነሳም፣ በሽተኞቼ ደጅ ላይ ቆመው ሊቀሩ ነው፣ «በእኔ ይሁን» ያለው ሰውዬም ቃሉ በእኔ ሊዋረድ ነው። ስለ እሱ ሳስብ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ አንዱን ክዳን ከፈትኩና ጀሪካኑን አነሳሁ።

ኳ ኳ ኳ።

ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። «ሰርጌይ?» ብዬ ተጣራሁ። ንፋስ ነው ብዬ እንደገና ጀሪካኑን ላዘነብል ስል፣ ኳ ኳ ኳ፣ አሁን ግን መኪናውን የተደገፈው መዳፌ ስር! ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያልከፈትኩት ክዳን ላይ ጥለት ታስሯል። ስመጣ አልነበረም፣ ዋሽቼ ከሆነ እግዚአብሔር ዓይኔን ያጥፋው! የከፈትኩትን አሸተትኩት፣ ናፍጣ። ጥለቱን ነካሁት፣ እርጥብ ነው፣ አስተሳሰሩም የአባዬ፣ ሁለቴ ተቋጥሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ።

ሰርጌይን ማን ገባ ብዬ ጮኼ ጠየቅሁት፣ «ከአንቺ በቀር ማን ይገባል? ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ሻባት ሊገባ ነው፣ በሩን ልዝጋ» አለኝ። ልክ እንደ አባዬ አድርጌ ቀዳሁ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፣ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ራማት ቬርበር ሰፈር ቤታችን ስገባ እናቴ መልኬን አይታ ደነገጠች። ነገርኳት። አሮጌው ኩታ ካለቀ ቆይቷል፣ የቀረው ለበዓል የሚለብሰው ነጩ ኩታ ነው፣ እሱንም ከለቅሶው ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ቆልፋበታለች። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ከፈተችው፣ ኩታውን ዘረጋችው። አንዱ ጥግ ላይ ጥለቱ ተቀዷል። ክሩ ገና እርጥብ ነበር።

እናቴ እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የተቀደደውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ይህን ኩታ እንኳን ለመኪና፣ ለእኔም አይቀደውም ነበር» አለችና ፈገግ አለች፣ እንባዋ ግን ይወርዳል። ቀጥላም «አንቺስ ምን አልሽው?» አለችኝ።

«ምን እለዋለሁ እማ፣ ፈራሁ እንጂ።»

«እሺ አላልሽውም?»

አላልኩትም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጥለቱ እስከዛሬ ክዳኑ ላይ አለ፣ እኔም አልፈታሁት። አሁን ኡሪያ ስቀዳ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳልል «እሺ አባዬ» እላለሁ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ውሃ አፍስሼ፣ መዳፌን መኪናው ጎን ላይ አድርጌ ትንሽ እጠብቃለሁ። እስካሁን አላንኳኳም።